ዳኛዋ ወደ ቀኝ እስክትዞር

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ሥራ ቀዝቅዞ ዋለ። አሥራ አንድ ራስ ብቻ። ምሳ ሰዓት ፀጉር ቤቱን ለባልደረባዬ ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። ልጄ ዳኛዋ ነቅታ ጠበቀችኝ። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከተወለደች ገና ስድስት ሳምንቷ ነው፤ ግን ሰውን ሁሉ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በጎን ታየዋለች። ምስክሩ ዋሸ ወይስ አልዋሸም እያለች የምትመዝን ነው የምትመስለው።

ደግሞ የምታየው እኔን ብቻ ነው! የኔ ቦታ ከአልጋዋ በስተግራ ነው። እናቷ በቀኝ መጥታ ብታጨበጭብ፣ አያቷ በቀኝ መጥተው ቢያሽሞነሙኗት... ወይ ፍንክች። ዓይኗን ከኔ ላይ አትነቅልም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

"ምን ላድርግ እማማ፣ የአባቷ ልጅ ናት" አልኳቸው አማቴን።

እስከ ማታ አላናገሩኝም። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ባለቤቴ ገላዋን ስታጥባት አንገቷ ላይ እብጠት አገኘች። በቀኝ በኩል። ባቄላ ታክላለች፣ ጠንከር ትላለች።  እሷ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ አንዱን ፎጣ ስድስት ጊዜ አጠፍኩት።

አማቴ ወዲያው ፈረዱ። "ቀኑን ሙሉ የሰው አንገት ስታዘነብል ትውላለህ። ታዲያ በማን ይውጣ?"

ስቄ አለፍኩት። ግን ማታ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ "ዘንበል በል... ትንሽ... እንደሱ" እያልኩ... ስንት ሺህ አንገት ይሆናል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ሆስፒታል ዋልን። ማክሰኞ ማክሰኞ አንገታቸውና ራሳቸው ላይ ችግር ይዘው የተወለዱ ሕፃናት የሚታዩበት ቀን ነው። ኮሪደሩ ሞልቷል። ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ጆሮው የታጠፈ፣ ጭንቅላቱ ባንድ ጎን የተደፈጠጠ... በጩኸት ግን ሁሉም እኩል ናቸው።

አጠገቤ የተቀመጠው አባት ሹፌር ነው። የልጁ ከንፈር እስከ አፍንጫው ድረስ ክፍት ነው። "የኔው ትንሽ ጠና ሲል ይሰፋል" አለኝ። "ያንተዋስ?" አሳየሁት። አንገቷን አየ፣ የልጁን ከንፈር አየ። "ብናጋባቸው ያንዱን ጉድለት አንዱ ይሞላል" አለ። ሚስቱ ቆነጠጠችው። እኔ ግን ከሐሙስ ወዲህ ገና አሁን ሳቅኩ።

ሐኪሙ ዳሰሳት፣ በአልትራሳውንድም አያት። ክፉ እብጠት አይደለም። ተመስገን! በቀኝ በኩል ያለው የአንገቷ ጡንቻ ነው ያጠረው። ስለዚህ ጭንቅላቷ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ይዘነበላል፤ ፊቷ ግን ወደ ግራ ይዞራል። ስልክ በጆሮውና በትከሻው መሃል ወትፎ ወደ ሌላ የሚያይ ሰው ማለት ነው።

"የማንም ጥፋት አይደለም" አለ። "ማህፀን ውስጥ ጠቧት ይሆናል።" አማቴ እንዲሰሙት አንዴ ድገመው ልለው ምንም አልቀረኝም።

"ታዲያ እኔን ብቻ የምታየው...?"

"በግራዋ ስለሚቆሙ ነዋ። ወደ ቀኝ መዞር አትችልም።"

 ፍቅር አልነበረም ማለት ነው። ጡንቻ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ሐኪሙ የላከን ፊዚዮቴራፒስት የአንገቷን ስፖርት በአሻንጉሊት አሳየችን። ጭንቅላቷን ይዞ ጆሮዋን ቀስ አድርጎ ወደ ትከሻዋ ማስጠጋት፣ እስከ ሠላሳ መቁጠር፣ በቀን ደጋግሞ። ክፍሉ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ መስታወት አለው። ዓይኔ እሱ ላይ ተተክሎ ቀረ። ምን ዓይነት መስታወት ነው! ለፀጉር ቤቴ ቢሆን...

"ገባዎት?" አለችኝ።

"አንገት? ለኔ?" አልኳት።

ስድስት ወር ሲሞላት ለውጥ ካልታየ ለቀዶ ጥገና ሐኪም ትታያለች። ምላጭ ይዤ የምውል ሰው ነኝ፤ ግን ስለት በዚያች አንገት ላይ...

ቤቱ ተገለባበጠ። የምትወደው ነገር ሁሉ ወደ ቀኟ ሄደ። መስኮቱ፣ መጫወቻዋ፣ እናቷ። በግራዋ ባዶ ግድግዳ ብቻ። "አንተም ወደ ቀኝ" አለች ባለቤቴ። በቀኟ ቆሜ ጠራኋት። ዓይኗ ጥግ ድረስ መጣ። አንገቷ አልተከተለም። ትንሽ ታገለችና ግድግዳውን ማየት ቀጠለች። ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 5

ተራ ገብተናል። ጠዋት ባለቤቴ፣ ምሳ ሰዓት እኔ፣ ከሰዓት አማቴ። በባለቤቴ እጅ ትነጫነጫለች። በአማቴ እጅ ጎረቤት እስኪሰማ ትጮሃለች። በኔ እጅ? ጭጭ! እንዲያውም ታንቀላፋለች።

"እጅ ነው እማማ። እጅ!" አልኳቸው።

ቆመው አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው የምታዘነብላት?"

"የአንገት ነገር ለኔ ይተዉልኝ።"

ተዉልኝ።

ሐሙስ፣ ህዳር 14

ዛሬ ደንበኛ ሸሸኝ። አንገቱ ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ ሰው ነው፤ ጥበቃ ነው መሰለኝ። ጨርቁን አልብሼው "ወንድሜ፣ ከተወለዱ ጀምሮ ነው?" አልኩት። ጡንቻውንም ዳሰስ አደረግኩ። ሌሊት ተጣሞ ተኝቶ እንደሆነ ነገረኝ። ግማሽ ራሱን ብቻ ተስተካክሎ ሊወጣ ነበር። ባልደረባዬ ሮጦ መለሰውና እሱው ጨረሰው። "አንተ ፀጉሩን ብቻ ቁረጥ፣ እሺ?" አለኝ።

ማክሰኞ፣ ታህሳስ 3

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ፊዚዮቴራፒስቷ ለካች። ጡንቻው ያሰበችውን ያህል አልተፍታታም። "ቤት እንዴት እንደምትሠሩ እስቲ አሳዩኝ" አለች። እኔ ቀደምኩ። ደረቴን ነፍቼ፣ ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ይዤ፣ ቀስ አድርጌ... ወደ ቀኝ ትከሻዋ። ዳኛዋ ትንፍሽ አላለችም። አዩ እጅ! ልል ስል ፊዚዮቴራፒስቷ እጄን ያዘችው።

"የልጅቷ አባት... ሁልጊዜ ወደዚህ ነው?"

"ሁልጊዜ።"

"ያጠረው እኮ በዚህ በኩል ነው። እንዲሳብ ጆሮዋ ወደ ግራ ትከሻዋ ነው መሄድ ያለበት። እርስዎ ሰባት ሳምንት ሙሉ ወደሚመቻት ነው ሲያስተኟት የነበረው።"

"እርስዎ እንዳሳዩን እኮ..." አልኩና ቀና ስል ግድግዳውን አየሁት። መስታወቱን። ሰው የማየው በመስታወት ነው። አሥራ አምስት ዓመት። ያን ቀንም እሷን ሳይሆን መስታወቱን እያየሁ ነው የተማርኩት። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ!

ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቀች። "እናቷና አያቷ በትክክል ባይሠሩት ከዚህም ይብስ ነበር" አለች ፊዚዮቴራፒስቷ። "አይዞን፣ ገና ጊዜ አለን።"

ያ ሁሉ ጩኸት በአማቴ እጅ... ትክክለኛው እጅ የሳቸው ነበር። የቀዶ ጥገናውን ቢላዋ ወደ ልጄ ስጎትት የኖርኩት እኔው ነኝ።

ረቡዕ፣ ታህሳስ 4

አማቴን ይቅርታ ጠየቅኩ። "በምን ጥፋት?" ይላሉ፣ እያወቁ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ መርፌና ክር አወጡና በልብሶቿ ሁሉ ግራ ትከሻ ላይ ቀይ ጨርቅ ሰፉ።

"ጆሮዋ ቀዩን ይንካ። መስታወት ብታይ፣ በራስህ ብትቆም፣ ቀዩ ቀይ ነው።"

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቀዩ አዘነበልኳት። ጮኸች። በኔ እጅ! ሠላሳ እንዲህ ሩቅ ነው እንዴ? አሥራ ሰባት ላይ እኔም ጀመርኩ።

"ሁለታችሁንም ማባበል አልችልም" አሉ አማቴ። ግን አባበሉን።

እሑድ፣ ጥር 6

የፀጉር ማሽኑን ላጸዳው ቤት አምጥቼው ነበር። በቀኟ ቆሜ ሳስነሳው... ዞረች! እስከ መጨረሻው ባይሆንም ዞረች! አማቴ ድምፁን ሰምተው ከኩሽና እየሮጡ መጡ።

"ጉድ ፈላ! ሊላጫት ነው!"

አሳየኋቸው። ማሽኑን ነጥቀውኝ በቀኟ ቆሙ። ለሳቸውም ዞረች። እንግዲህ ለማሽኑ ነው እንጂ ለኔ አይደለም... ይሁን። አንገቷ ይዙር እንጂ ለማንም ይዙር። ትንሽ ግን ቀናሁ። በማሽን!

ማክሰኞ፣ የካቲት 20

ሌሊቱን አልተኛሁም። ዛሬ ነበር የስድስት ወሩ ቀን።

ኮሪደሩ ላይ ሹፌሩን አገኘሁት። የልጁ ከንፈር ተሰፍቷል፤ የቀረው ቀጭን መስመር ነው። ያገኘውን ሁሉ እየሳቀ ያያል። ሹፌሩ ዳኛዋን ትክ ብሎ አያትና "ተቃናች እኮ! በል፣ ጋብቻው ፈረሰ" አለ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ለካች። ደግማ ለካች። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን መስታወት ላለማየት ወለሉን አየሁ።

"ለቀዶ ጥገና አልልካትም" አለች። "ስፖርቱን ብቻ ቀጥሉ።"

ባለቤቴ እጄን ጨበጠችው። ስንወጣ በሩን ለመክፈት ስገፋ ቆየሁ። የሚሳብ ነበር።

ከሰዓት ሥራ ገባሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ስመለስ አማቴ ከአልጋዋ በስተግራ ተቀምጠዋል። በግራዋ ባዶ ግድግዳ ብቻ መሆኑ ከዛሬ ጀምሮ ቀረ። ከዚያን ወዲህ ቤት የቀረውን ማሽን እያስጮሁ ያጫውቷታል፤ ዳኛዋም አፏን ከፍታ እሱኑ ታያለች። እኔ በቀኟ በኩል ገባሁ። ባዶ እጄን። አላጨበጨብኩም፣ አልጠራኋትም። እንደ ልማዴ "መጣሁ" ብቻ ነው ያልኩት።

ማሽኑን ትታ ዞረች። አገጯ ቀኝ ትከሻዋን እስኪነካ። አንገቷ አላዘነበለም። ቀጥ ብላ አየችኝ።

 እንደገና "መጣሁ" አልኳት።

አማቴ ማሽኑን አጠፉት። "በል እንግዲህ" አሉ። "አሁን የአባቷ ልጅ ናት።"