ከእማዬ ደፍ ሲለካ

ይድረስ ለምወድህ፣ ለተቀየምኩህም ወንድሜ፣

ጤናህ እንደምን ነው? ባለቤትህስ? ሥራውስ፣ ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

ቤትህ አልቋል። ግንበኛው በስልክ እንዳዘዝከው ግቢህን ከመንገዱ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርጎ አፈር ሞላው። ፎቶውን አይተህ «እሰይ፣ ከሰፈሩ ሁሉ በላይ ሆንን!» ማለትህን ሰምቻለሁ። አጥርህ ሥር ያለው የእማዬ ቤት ግን ጉድጓድ ውስጥ ቀረ። ትናንት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የግቢህ ውሃ ሁሉ ደፏን ተሻግሮ ገባ።

ግንበኛውን ብለምነው «ባለቤቱ ካላዘዘኝ አካፋ አላነሳም» አለኝ። ለአንተ ብደውል «እትዬ፣ የእማዬ ቤት እኮ ድሮም ከመንገዱ ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ ነው» ብለህ ዘጋህብኝ። አይ አንተ! እንግዲያው መዋለ ሕፃናት ለማስተምራቸው ልጆች እንዳስረዳሁት ላስረዳህ።

አጭሯን ልጅ ወንበር ላይ አቁሜ «ማን ይበልጣል?» አልኳቸው። «እሷ!» ብለው ጮኹ። ቀጥዬ ሌሎቹንም ሁሉ ወንበር ላይ አወጣኋቸው። ልጅቷ ካለችበት ሳትነቃነቅ የሁሉም መጨረሻ ሆነች። «ወርዳለች እንዴ?» ብላቸው አንዷ ኮልታፋ «አይ፣ ዙሪያዋ ነው ከፍ ያለው» አለችኝ። ገባህ? ከፍታ የሚታወቀው ዙሪያው ካለው መሬት ጋር ሲተያይ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ የገባት ነገር አንተን እንዴት እንደጠፋህ እንጃ! የእማዬ ቤት አልሰጠመም፤ ዙሪያውን ከፍ ያስደረግከው አንተ ነህ። ግንበኛው ከመንገዱ ለካ፣ አንተ በፎቶ ለካህ፤ ከእማዬ ደፍ የሚለካ አንድ ሰው ጠፋ።

እሷማ ትችለዋለች። «ልጄን እንዳታስቀይሚብኝ» ትለኛለች። ወደ ቤቴ ልውሰድሽ ብላት «ከዚህ የሚወጣው ሬሳዬ ነው» አለችኝ፤ ግትርነቷን ታውቀዋለህ። እኔ ግን አንጀቴ አሯል። ክረምቱ ሳይጠነክር ደውለህ አፈሩ እንዲነሳ፣ ቦይም እንዲቀደድ እዘዝ። አለዚያ እትዬ ብለህ እንዳትጠራኝ።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ከእማዬ ቤት ውሃ ሲጨልፍ ውሎ ወገቡን ይዞ ተኝቷል። ትንሿ ልጄ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። እማዬ ጫማዋን ታቅፋ፣ እግሯን ሰብስባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። «ልጄ፣ ከፍ በልልኝ» ትልሃለች።

ታላቅ እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ከግቢህ አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ
ሰኔ ፪ ቀን