ያልተቆጡበት በርበሬ

ግንቦት 1፣ ልደታ

ዛሬም ብቅ ያለ የለም። ፊቴን ሳልታጠብ ሄጄ ያየሁት ያንን የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ነው። አፈሩ እንደ ትናንቱ ቁጭ ብሏል። ጎረቤቴ ጥሩዬ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ! ገበያ ሞልቶ የተረፈውን በርበሬ ምን ነክቶኝ ደጄ ላይ እንደምዘራ አታውቅማ።

የነካኝ አባቴ ነው። እናቴ አርባዋ እንደወጣ እንፍራንዝ ያለውን ቤት ዘግተን እኔ ጋ፣ ጎንደር አመጣሁት። ይኸው እዚህ ቀሐ ወንዝ ዳር በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ሁለት ጉርሻ ይጎርስና «ተመስገን» ብሎ እጁን ይሰበስባል። የገበያው በርበሬ አይጥመውም። አንድ ቀን ብቻ «ይኼ እኮ ቀለም ነው» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ምግብ ተናግሮ አያውቅም።

ከመብሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው። አባቴ አያ ሙላት ሲቆጣ ሦስት አጥር ተሻግሮ ይሰማ ነበር። አሁን ምንም ብናገረው «እሺ ልጄ» ነው። አባቴና እሺ ምን አገናኛቸው? እናም ከእናቴ ጓዳ በቅርጫት ካመጣሁት የመጨረሻ ዛላ በርበሬ ጥቂቱን ፈልቅቄ ፍሬውን ዘራሁት። የእሷን በርበሬ ከቀመሰ ይመለስልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ግንቦት 4

ጉድ ነው የሠራሁት። አባዬ ከዘራውን ተደግፎ መጣና ከተረፈው ዛላ አንዱን አንሥቶ አሸተተው። ሰበረው። ደግሞ አሸተተው።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ የታመሰ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

እናቴ በርበሬውን ከመውቀጧ በፊት እሳት ላይ ዘወር ዘወር ታደርገው ነበር። ጭሱ እያስነጠሰኝ ከቤት ስሮጥ አይደል ያደግሁት! እኔ ደግሞ የታመሰ ዘርቼ፣ በስንት ልመና የሚመጣውን የቧንቧ ውሃ እያጠጣሁ፣ ይበቅላል ብዬ ቁጭ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ።

ያስለቀሰኝ ዘሩ አይደለም። ድሮ ቢሆን «አንቺ ደንቆሮ! የታመሰ ይበቅላል?» ብሎ ሰፈሩን ያናውጠው ነበር። ዛሬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰው ስድብ ይናፍቃል? እኔን ናፈቀኝ።

ግንቦት 12፣ ሚካኤል

ድል! እንፍራንዝ ለአጣነሽ ደውዬ ነበር፤ የእናቴ የዕድሜ ልክ ጎረቤት ናት። «ምነው እስካሁን ዝም አልሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። «እኔ ጓሮ ያለው ሁሉ የእናትሽ የይታይሽ ዘር አይደል?» እውነቷን ነው፤ እናቴ ዘር ለሰው መስጠት ትወድ ነበር። ዛሬ በመኪና ላከችልኝ። ቀይ፣ ድፍን፣ በፀሐይ ብቻ የደረቀ ዛላ፣ በነጠላ ቅዳጅ ተቋጥሮ። አባዬ ቋጠሮውን ተቀብሎኝ ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ሳይፈታው መለሰልኝ።

ዘራሁ። የተማርኩት፦ አፈሩ ከወንዙ ዳር፣ ፍግ ትንሽ፣ ላዩን ሣር ማልበስ፣ ውሃውን በጣሳ ማንቧቧት ሳይሆን በእጅ መርጨት። በርበሬ በነካ እጅ ዓይን አለመንካት። ይቺን የመጨረሻዋን የተማርኩት እያለቀስኩ ነው።

ሰኔ 3

በቀለ! በቀለ! ጥሩዬን ጠርቼ አሳየኋት። «ይኼማ አረም ነው» አለች። ቅናት ነው። አባዬን ጠየቅሁት፤ ጎንበስ ብሎ አየና «እሱው ነው» አለ። ለዛሬ ይበቃኛል።

ሐምሌ 5

ዛሬ ችግኙን ከጀሪካኑ በረንዳው ሥር ወዳለው የአፈር መደብ አዛወርኩት።

እኛ ቤት በርበሬ የሚተከልበት ቀን የጠብ ቀን ነበር። እናቴ «በርበሬ በቁጣ ካልተተከለ አያቃጥልም» ትላለች። ስለዚህ ጠዋት ተነሥታ አባዬን ሆን ብላ ታናድደዋለች። አንድ ዓመት ባርኔጣውን ፍየሏ ራስ ላይ አስራ ጠበቀችው። ሌላ ዓመት ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት «ከአንተ እርሻስ የወንድምህ ይሻላል» አለችው። ምነው ሸዋ! ያን ዕለት መሬቱ ራሱ የፈራ መሰለኝ። እሱ እየተራገመ ሲተክል እሷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ማታ አንድ ገበታ ላይ እየተጎራረሱ ይበላሉ። ያውቅ ነበር እኮ! እያወቀ ነበር የሚቆጣላት። ያ ቤት አሁን ተዘግቷል። 

እኔም ሞከርኩ። ከዘራውን ደበቅሁበት፤ ግድግዳውን ተደግፎ ሄደ። ሻዩ ውስጥ ጨው ጨመርኩ፤ ጠጥቶ «ተመስገን» አለ። በመጨረሻ «እንፍራንዝ ደግሞ ምን አላት፣ አቧራ!» አልኩት።

«እውነትሽን ነው ልጄ።»

 ከዘራውን መለስኩለትና ያለ ቁጣ ተከልኩ።

መስከረም 17፣ መስቀል

በነሐሴ ዝናብ አበባው ረግፎ ረግፎ፣ የተረፈው አፈራ። ዛሬ ለበዓሉ የመጀመሪያዋን ቃሪያ ቆረጥኩ። ጫፏን ነከስኩ። ካሮት! ወይ ፍንክች፣ ምላሴን ቆንጠጥ እንኳ አላደረገችኝም። ቀሪውን አባዬ ዓይኑን ሳያርገበግብ በላው።

«ሸጋ ነው» አለኝ።

ሸጋ! ለይታይሽ በርበሬ «ሸጋ» ይባላል? እናቴ ብትሰማ ከመቃብሯ ትነሣ ነበር። ልክ ነበረች፤ ያልተቆጡበት በርበሬ ጎመን ነው። አባቴም እንደዚሁ በጸጥታ የሚያልቅብኝ መሰለኝ። ፈራሁ።

ጥቅምት 2



ጠዋት ሌላ ቃሪያ ቀመስኩ፤ ያው ካሮት። ደሜ ፈላ። የአባቴ ልጅ አይደለሁ? «ካላቃጠለ ምን ይሠራልኛል፣ ነቅዬ ጎመን እዘራበታለሁ!» አልኩና የመጀመሪያውን የበርበሬ እግር ከሥሩ መነገልኩት።

«አንቺ ደንቆሮ!»

ማን እንደተናገረ ወዲያው አልገባኝም። ዞር ስል አባዬ ቆሟል። ከዘራው መሬት ወድቋል። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«እጅሽን አንሺ! ክረምቱን ሙሉ ውሃ ስትጠጣ ከርማ፣ ፀሐይ ሳትመታት፣ ምኗ ያቃጥል? እናትሽ እንኳ ሳይቀላ አትፈርድበትም ነበር! መጀመሪያ ታምሺዋለሽ፣ ቀጥሎ ትነቅይዋለሽ! ማን ነው አንቺን ያሳደገ?»

ጥሩዬ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ምነው አያ ሙላት፣ ምን መጣ?»

«በርበሬ ነው! አንቺ ደግሞ አጥር ላይ ተንጠልጥለሽ ከመዋል ሌላ ሥራ አጣሽ?»

ጥሩዬ ሹልክ አለች። እሱ ተንበርክኮ የነቀልኩትን መልሶ ተከለው፤ አፈሩን በጡጫው እየደበደበ፣ እኔን ከእነ ትውልዴ እየረገመ። ትውልዴ እኮ እሱ ነው! ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም። እናቴን ሆንኩ መሰለኝ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ቀላ! መልቀም ጀመርኩ፤ ከነእንብርቱ፣ ማለት ከነጭራው፣ ግንዱን ሳልጎትት፣ በሁለት እጅ። አባዬ ወንበሩን ወደ መደቡ አስጠግቶ ያዝዘኛል። ያ በቁጣ የተተከለው እግር ከሁሉም አጭር ነው፤ ያፈራውም ጥቂት። እሱን ለብቻው አደረግሁት።

ለምሳ ከዚያ ላይ ሁለቱን ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ወቅጬ ከሽሮው አጠገብ አኖርኩለት። አጠቀሰና ጎረሰ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ አፍንጫው ፈሰሰ።

«ይታይሽ» አለ፣ ለራሱ ነው። ከዚያ «ውሃ!» ብሎ ጮኸ። ሳመጣለት ገበታውን ጠራርጎት ነበር። «ምነው እንጀራው አለቀ?» ብሎ ተቆጣኝ። አለቀ! እኔ ቤት ለአባቴ እንጀራ አልበቃ አለ!

ማታ ለዘር የሚሆነውን ዛላ እየመረጥኩ፣ ግማሹን ለአጣነሽ ስቋጥር ከውስጥ ድምፁን ሰማሁ።

«አንቺ! ይኼንንም ደግሞ እንዳታምሺው!»

«እሺ አባዬ» አልኩ።

ያድርሰን እንጂ፣ ለከርሞ ሐምሌ በምን እንደማናድደው ከአሁኑ ማሰብ ጀምሬያለሁ።