ከ«ይልቁንም» ወዲያ ማዶ

ቡታጅራ፣ ሰኔ ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ውድ እትዬ ዓለምዘውድ፣

እኔ ተካ ሀብተወልድ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ልቦናዬ፣ የአባባን የምርጫ ንግግር የለካሁበትን ቆሎ በከፊል መብላቴን አምናለሁ። ስለዚህ ልኬቱ ቢጎድል እንጂ አይበልጥም።

አባባ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ ወጥተው ለፓርላማ መወዳደራቸውን ሰምተሻል። አንቺ ወልቂጤ ካገባሽ ወዲህ ግን ኮታቸውን ጎተት አድርጎ «አባባ፣ ወደ ነገሩ!» የሚላቸው ጠፋ። በገበያ ቀን እንሴኖ ከተማ ወርደው ሳጥን ላይ ወጡና፣ «ልዑል እግዚአብሔር በፈቀደ መጠን፣ ይህን የሕዝብ እንደራሴነት ከባድ ኀላፊነት ለመሸከም ታጥቀን በተነሣንበት በዚህ ወቅት፣ እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ይልቁንም…» ብለው ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን!» አሉ። እንዲህ ያለ የማይገባ ነገር ከዱዓ በቀር ምን ሊሆን ነው? አባባ ደስ ብሏቸው ጨመሩበት። ሕዝቡም አሚኑን ጨመረ። እኔ ያለቦታው «አሚን» በተባለ ቁጥር አንድ ፍሬ ቆሎ ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራው አሻግር ነበር። የቀኙ ኪሴ ባዶ ሆነ፤ ንግግሩ አላለቀም።

አባባ ከሳጥኑ ሲወርዱ የበርበሬ ነጋዴው ጋሽ ሸረፋ እጃቸውን ያዝ አደረጉ።

«ጌታው፣ ዱዓዎን አላህ ይቀበልዎ። ስለ ወንዛችን ድልድይስ መቼ ነው የሚነግሩን?»

«ተናገርኩ እኮ!»

«የቱ ጋ?»

«ከ‹ይልቁንም› በኋላ!»

«እኛማ ከ‹ይልቁንም› ወዲህ ቀረን። መሻገሪያ የለውም።»

እኔ ሳቅኩ፤ ጋሽ ሸረፋ አልሳቁም። አምና ክረምት ወንዙ አህያቸውን ከነጭነቷ ወስዶባቸዋል፤ ዘንድሮም ዝናቡ ጀምሯል። የሚያናድደኝ ይኼ ነው፣ እትዬ! ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ድልድዩን ከልባቸው የሚፈልጉት አባባ ብቻ ናቸው። ሌላው ተወዳዳሪ «ምልክቴ በሬ ነው» ብሎ ይወርዳል፤ ይኼ ደግሞ ለማን አይገባም? መግቢያውን ይተዉት ብላቸው፣ «አንተ ደግሞ! ንግግር ራቁቱን ይወጣል?» አሉኝ። ይውጣ! ወንዝ የሚሻገር ሰው ልብሱን ያወልቅ የለ?

ነገ የመጨረሻው ንግግራቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ መግቢያውን በሙሉ ከወረቀታቸው መሀል አውጥቼ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ከአጥሩ ሥር ደበቅኩት። የቀረችው የድልድዩ ገጽ ብቻ ናት።

ይኸው እልፍኝ ሆነው ሲለማመዱ እሰማቸዋለሁ። «ከመረጣችሁኝ በወንዛችሁ ላይ ድልድይ እንዲሠራ እሟገታለሁ» አሉ። ወረቀት ተገለበጠ፤ መልሶ ተገለበጠ።

«ዛሬስ ገባኝ፣ አቶ ሀብተወልድ! መርጬዎታለሁ!» አለ ጎረቤታችን ሙስተፋ ከአጥር ወዲያ።

አባባ ያቺኑ ቃል ደገሟት፤ ቀስ ብለው፣ እንደሚቀምሷት። ከዚያ፣

«ተካ!»

በቃ። መግቢያ የለው፣ ይልቁንም የለው። ግቢው ሁሉ ገባው፤ አሚን ያለም የለም።

ወዴት እንደሚሮጥ ገና ያልወሰነው ወንድምሽ፣
ተካ