ለሁለት ክፍል ቤታችን የአገር ኮድ ስለመጠየቅ

ለተከበራችሁ የነጻው ጽሑፍ አንባቢ የኮምፒውተር ፕሮግራም የቋንቋ መዝገብ ኮሚቴ አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናችሁ እንዴት ነው? ወንበራችሁስ ተመችቷችኋል? እኔ ሰዓት ጠጋኙና ልብስ ሰፊዋ ባለቤቴ፣ ማመልከቻችን ውድቅ ከመሆኑ በቀር ደኅና ነን።

እንደምታውቁት ኢስፔራንቶ ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች እንዲግባቡበት የተሠራ፣ የማንም አገር ያልሆነ ቋንቋ ነው። የእኔና የባለቤቴ አፍ መፍቻ ለየቅል ስለሆነ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተፋቀርነውም የተኳረፍነውም በእሱ ነው። ዘንድሮ ዐይኗ ደክሞ ወዳጆቿ በዚሁ ቋንቋ ከየአገሩ የሚልኩላትን ደብዳቤ ማንበብ ስላቃታት፣ ፕሮግራማችሁ ጮክ ብሎ እንዲያነብላት ብለን አሥራ አንድ ወር ሙሉ የፕሮግራሙን ቃላት ወደ ኢስፔራንቶ ስንተረጉም ከርመን ላክንላችሁ። እናንተም «ቋንቋው የሚነገርበትን አገር የሚያመለክት ኮድ ይጎድለዋል» ብላችሁ በሦስት ደቂቃ ስለመለሳችሁልን፣ ለፍጥነታችሁ ያለን አድናቆት ወሰን የለውም።

ቅሬታችን ጥቂት ነው።

፩. «ለጊዜው አንድ አገር ምረጡ» ብላችሁ ስለመከራችሁን፣ ማንንም ላለማስቀየም ሰው የማይኖርበት የበረዶ ደሴት መረጥን። ኮምፒውተሩ ወዲያው ሰዓቱን በደሴቲቱ አቆጣጠር ስላደረገው፣ ባለቤቴ ስድስት ሰዓት ሆነ ሲላት ስለሰማች ጠዋት በሁለት ሰዓት ምሳ በላን። ያውም በሰዓት ጠጋኝ ቤት! እስካሁን ትዝ ባላት ቁጥር ወገቧን ይዛ ትስቃለች።

፪. «የመንግሥት ማረጋገጫ አምጡ» ብላችሁናል። ቋንቋችን መንግሥት ስለሌለው የሄድንባት የሰፈራችን ፖስታ ቤት ሠራተኛ ግን ቴምብር ከመሸጥ ያለፈ ሥልጣን እንደሌላት በትሕትና ገልጻልናለች።

፫. መዝገባችሁን ብናገላብጥ የባሕር ወንበዴዎች አነጋገር ለቀልድ ተብሎ ገብቶ፣ አገሩም «ባሕር» ተብሎ አገኘነው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም! ለወንበዴዎቹ እንኳን ደስ ያላችሁ በሉልን።

ስለዚህ ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ቤታችንን አገር አድርገናል። ሰንደቅ ዓላማው ባለቤቴ በዳሰሳ የሰፋችው የወጥ ቤት መጋረጃ ነው። ድንበሩ የበር ምንጣፉ ሲሆን፣ ሕዝቡ ሁለት ነው፤ አንዷ ተቃዋሚ ናት።

ተቃውሞዋም እውነት አለው። ደብዳቤዎቿን እኔ ሳነብላት፣ «አንተ የምትታማበትን ትዘላለህ» ትላለች። በእርግጥ እዘላለሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን፣ ወዳጆቿ የላኩላትን ቃል ያለ አቀባይና ያለ ሳንሱር ለብቻዋ መስማት አለመቻሏ ነው።

ማኅተም የምትመታው እጃችሁ ጨርሶ እንዳትዝል ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የሁለት ክፍል ሪፐብሊክ ጊዜያዊ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና የሰዓት ጠጋኝ

ማሳሰቢያ፦ ልትጎበኙን ብትመጡ ደስታውን አንችለውም። በቪዛ ቅጻችን ላይ ቋንቋ መምረጥ ግዴታ ሲሆን፣ የእናንተ ቋንቋ ለጊዜው ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቅር ካላችሁ አመልክቱ፤ በሦስት ደቂቃ እንመልስላችኋለን።