ጥያቄህን ለጫልቱ ሰጥቼ ቀናሁ

ታዴዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። የምነግርህ ስንት ነገር አለ! የተከልካት ፓፓያ አፈራች፤ ያውም ከአጥሩ በላይ አልፋ ጎረቤት ነው የሚቀጥፍልኝ። የናዝሬት ነፋስ የኩሽናውን ቆርቆሮ ሁለቴ ገነጠለው፣ ሁለቴ አስመታሁት። የጓሮዋን ክፍል ደግሞ አከራየኋት። የገባችው ከወለንጪቲ የመጣች ጫልቱ የምትባል የሾፌር ሚስት ናት። ይኼ ደብዳቤም ስለሷ ነው፤ እንዳትቆጣ እንጂ ስለ ቅናቴም ነው።

ሲራራን፣ ያንን የነጋዴዎች ጨዋታህን፣ አልተውነውም። እሁድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። ፋርማሲስቱ ሙሉጌታ ያንተን ቦታ ይዞ መንገዱን ይተርካል፤ እኔና ሚስቱ አስካለ በየወረቀታችን ላይ ያሉትን ሰዎቻችንን ሆነን፣ በቅሎ ጭነን ወደ ሻሸመኔ እንጓዛለን። የወንጂው ፈረንጅ መሐንዲስ ጥሎልህ ከሄደው የጨዋታ መጽሐፍ ዘንዶውንና ግንቡን አውጥተህ የጥንት ነጋዴዎችን ስታስገባበት ስንቴ ስቄብሃለሁ! የእያንዳንዳችንን ሰው ስም፣ ሥራና የችሎታ ቁጥር በደብተር ወረቀት ጽፈህ፣ መሳካት አለመሳካቱን በሉዶ ዳይስ ስታስጥለን። አብዮት ጥበቃው ያን ወረቀት አይቶ «አለቃ፣ ጠባቂ፣ መልእክተኛ... ይኼ የምን ድርጅት ነው?» ያለህ ቀን ትዝ ይልሃል? አንተ ወንበር ስበህ አስቀመጥከው፤ የበቅሎ ሌባ አድርገህም አስገባኸው። ተረኛነቱ እስኪያልፍበት አልነሳ አለ።

ጫልቱ ሳቃችንን በመስኮት ሰምታ ልግባ አለች። ሦስተኛ ሰው ካጣን ከርመናል፤ ሙሉጌታም በሁለት ሰው ሲራራ የለም፣ ሰው ካልተጨመረ መጽሐፉን አስቀምጪው ብሎኝ ነበር። ግን አዲስ ገቢን ሰው ማስመረጥ ያንተ ሥራ ነበርና ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እሷ ገና ሳትቀመጥ እጇን ወዴት ብትዘረጋ ጥሩ ነው? ወዳንተ ወረቀት! መንገዱን እየተረክህ ራስህ ወደምትሆነው ነጋድራስ፣ ወደ ሲራራው አለቃ። «ይኼ ደስ ይላል፣ እትዬ፣ ይኼን ይስጡኝ» አትለኝም? ደሜ ፈላ።

ታዲያ ምን አደረግኩ መሰለህ፤ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ዘበኛውን ሰጠኋት። ጉልበቱ ትልቅ፣ ጠመንጃው ረጅም፣ ቁጥሩ ሁሉ የሚያምር። ለጀማሪ የሚሻለው ጠንካራው ነው አልኳት። ውሸቴን ነው፤ ሽፍታ ካልመጣ ዘበኛው ሥራ እንደሌለው አሳምሬ አውቃለሁ። እኛ ስንገበያይ፣ ስንከራከር፣ እሷ ሁለት እሁድ ሙሉ የነጠላዋን ጫፍ ስትፈትል ዋለች። በሦስተኛው እሁድ የሚታጠብ ልብስ አለብኝ ብላ ቀረች። አስካለ «አንቺ፣ ልጅቷን ምን አድርገሻት ነው?» አለችኝ። ሙሉጌታ ዳይሱን ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተተው። ያኔ ደነገጥኩ። ያንተ ነገር በኔ እጅ ሊያልቅ ነው።

ጓሮ ሄጄ ሳፋው አጠገብ ተቀመጥኩና አንተ እኔን የጠየቅከኝን ጠየቅኳት። ንግሥት ካልሆንኩ ብዬ ሞቼ ስገኝብህ፣ አንድም ቁጥር ሳታሳየኝ፣ «ሰውሽ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ምን ታያለች? ምን ትፈራለች? ሰው ምን ሊለምናት ይመጣል?» ስትለኝ። በቅሎዎቿን ነዋ ብዬ ሳላስበው መለስኩልህ፤ በዚያው በቅሎ ነጂ ሆኜ ቀረሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልሰለቸኝም።

ጫልቱ እጇን ከአረፋው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ አፏ ተፈታ። ልጅ ሆና ወለንጪቲ ገበያ ላይ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይዘው ያልተግባቡ ሰዎች እናቷ ዘንድ መጥተው ልጅሽን አውሺን ይሉ ነበር አሉ። ትፈራ የነበረውም ያንዱን ቃል ለሌላው አጣምማ እንዳትናገር ነበር። አስተርጓሚዋ እዚያው ሳፋው ዳር ተወለደች። ስሟንም ራሷ አወጣችላት፤ ሎሚ አለቻት።

በሚቀጥለው እሁድ አዋሽ ዳር ደረስን፤ መሻገሪያውን የሚያውቀው ሽማግሌ አላሳይም አለ። እኔ ብለምነው፣ አስካለ ዳይስ ብትጥል፣ ወይ ፍንክች! ጫልቱ «አካም ጅርቱ፣ አባ ኮ» ብላ፣ እንደምን አሉ አባቴ ብላ በኦሮምኛ ጀመረችው። ስለ ከብቶቹ ጠየቀችው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም። ሽማግሌው ጉልበቱን እንደሚያመው እስከዚያች ደቂቃ የሚተርከው ሙሉጌታ ራሱ አያውቅም ነበር! እያነከሰ ወንዙን አሻገረን። አስካለ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ። ካንተ ወዲህ እንደዚያ ስቀን አናውቅም። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ሳያልቅ ቅናቱ መጣ። እንደዚያ የምታስቀን አንተ ብቻ ነበርክ። ደስታና ቅናት ባንድ ሆድ እንዴት እንደሚያድሩ እስቲ ንገረኝ።

የባሰው ደግሞ ባለፈው እሁድ መጣ። ጫልቱ የባሏን እህት ይዛ መጣች። ማስመረጡን ለኔ ትተውልኛለች ስል፣ ራሷ ከጎኗ አስቀምጣ «ሰውሽ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ምን ታያለች?» አትላትም! ቃል በቃል፣ እንዳንተው ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ። እሷ ከኔ ነው የለመደችው፣ እኔ ካንተ። መልክህን እንኳ አይታ አታውቅም። ሻይ ላምጣ ብዬ ወጣሁና ኩሽና ቆየሁ። ተመልሼ ገብቼ ሁሉም እየሰሙ፣ ጫልቱ፣ ይኼ ጥያቄ ባለቤት አለው አልኳት። ታደሰ ይባላል፣ ባሌ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንንም ስትጠይቂ መጀመሪያ የማን እንደሆነ ተናገሪ። ትስቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ ወንበሯን አስጠጋችና «እንግዲያው ይንገሩን፣ እትዬ ብርቄ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አለችኝ።

የዚያን ቀን ጨዋታው ቀረ። ሳወራ ዋልኩ።

ታዴዬ፣ አልረሳህም። አንተን ማስታወስ የኔ የብቻዬ እንዲሆን ነበር የምፈልገው፤ አሁን ስንት ሰው ስምህን እየጠራ ነው። ቅር እያለኝ አካፈልኩህ። ግን ሁሉን አልነገርኳቸውም። ለራሴ ብቻ ያስቀረሁት አለ፤ እሱን ለማንም አልናገርም፣ ወዳንተ እስክመጣ ድረስም አልረሳውም።

ያንተዋ ብርቄ