ሸማኔው ያልተጋበዘበት ጉዞ

ሰኞ፣ ታኅ. 6። ጠዋት

ኔትወርክ መጣ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የዛሬዋን ገጽ ከፈትኩ። የአንደኛው ጣቢያ ባለቤት የአ.አ. ልጅ ናት፤ ሌላ ጊዜ የፊት ቅባት ነው የምታስተዋውቀው። ዛሬ ስለ መቅደስ መጽሐፍ ጽፋለች። «ልብ አንጠልጣይ» ትለዋለች። አንዴ ከጀመሩት አያስቀምጡትም አለች።

መጽሐፉ የባና አሠራር መመሪያ ነው። የበግ ፀጉር እንዴት እንደሚሸለት፣ እንደሚነደፍ፣ እንደሚፈተል፣ ተሸምኖ ብርድ ልብስ ከሆነ በኋላ በሙቅ ውኃ እንዴት እንደሚረገጥ። ከሽለታው ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን ብሎ ልቡ የተንጠለጠለ ሰው ካለ ሐኪም ይየው።

ነገሩን ላንተም ላስረዳህ፣ ደብተሬ፣ ቆይቼ ስገልጥህ እኔም እንዳይጠፋኝ። የብሎግ ጉዞ ይሉታል። ደራሲዋ ከቤቷ አትነሳም። መጽሐፉ ነው ከገጽ ወደ ገጽ የሚዞረው። ሰባት ገጾች ተመርጠዋል፤ በየቀኑ አንዱ ይቀበላል፣ ያሞግሳል፣ ለነገው ያሳልፋል። ከሥር አስተያየት የጻፈ ሁሉ ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ ለባለዕጣው አንድ ባና ይላካል። ሰባተኛው ጣቢያ እኔ ነኝ፣ እሑድ። ስለ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የምጽፍባት ገጽ አለችኝ፤ አንባቢዎቿ አብዛኞቹ ዘመዶቼ ናቸው። እሺ ያልኩት ለመቅደስ ብዬ ነው። እዚህ ነፋስ መውጫ ኮሌጅ ውስጥ ሽመና ታስተምራለች። ረቂቋን ያረምኩላት እኔ ነኝ። መጽሐፉ ጥሩ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ማክ.፣ ታኅ. 7

ሁለተኛው ጣቢያ። ይህኛው ወንድ ነው። ከገጸ ባሕርያቱ መካከል ማንን አብልጦ እንደወደደ መምረጥ ተቸግሯል። በመጽሐፉ ውስጥ ከሰው ይልቅ በግ ይበዛል። የትኛውን በግ እንደሆነ አልጻፈም።

ከሥር አስተያየቶቹ፦ ዋው። የኛ ኩራት። ዋው። ባናው ስንት ነው? ዋው።

ከሰዓት በኋላ የአስተናጋጆች፣ የኛ የባለገጾቹ፣ መመሪያ ደረሰኝ። ላኪዋ ሶስና ናት፤ ከአ.አ. ሆና ጉዞውን የምታስተባብር ልጅ። አሥር ጥያቄዎች ለደራሲዋ። ከሥራቸው አሥር መልሶች። ደወልኩላት። መልሱ ለምን አብሮ መጣ አልኳት። ደራሲዋ እንዳትደክም ነው አለች። መልሶቹን ማን ጻፋቸው? ሳቀች። «ጋሽዬ፣ ቫይቡ አንድ ዓይነት እንዲሆን እኮ ነው!» መጥፎ ልጅ አይደለችም። ድምፅዋ ውስጥ ክፋት የለም። ቢኖር ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

ጋዜጣ ቤት እያለሁ ቃለ ምልልስ ከወንበሩ ሳይነሳ ፈጥሮ የጻፈ ሪፖርተር ነበረን። አባረርነው። ዛሬ ቢሆን አስተባባሪ ይሆን ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅ. 8

ሦስተኛው ጣቢያ። ጽሑፉን ተወው፤ ያው ነው፤ «የአያቶቻችን ጥበብ»፣ «ደማቅ አሻራ»። ፎቶው ነው ያስቆመኝ።

መቅደስ ነጭ በነጭ ለብሳ ከሸማኔ ዕቃው አጠገብ ቆማለች። ከሥሯ «ዲዛይነርና ደራሲ» ይላል። ባናዎቹ «በራሷ እጅ የተሠሩ» ናቸው ይላል። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ዓርብ ገበያ ከተማ፣ አባቷ ቤት። መሐል ላይ የነበረው አባቷ ደሴ ነው። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ፣ መወርወሪያው በእጁ፣ እንደ ልማዱ በፎቶ አንሺው እየሳቀ። እሷ ከጎኑ ቆማ ነበር። አሁን ደሴ የለም። በግራ ጠርዝ በኩል ጉልበቱ ብቻ ቀርቷል፤ የማያውቅ ሰው ትራስ ይመስለዋል።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነው፦ «ይህን ሥራ ያስተማረኝ አባቴ ሸማኔው ደሴ ነው።» ስናርም አንድ ፊደል አልነካሁባትም።

ሶስናን ጠየቅኋት። እኔ አልቆረጥኩም አለች። ፎቶው ሲላክላት እንደዚያው ነበር። ማን ላከው? ደራሲዋ።

ሐሙስ፣ ታኅ. 9። ማታ 1፡30

አራተኛውን ጣቢያ አላነበብኩትም።

መቅደስ ከክፍል በኋላ መጣች። ጋውኗን አላወለቀችም። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። ማን ቆረጠው አልኳት። እኔ አለች፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል። እጮኛዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል። አባቱ መሪጌታ እንየው ቅኔ ያስተምራሉ፤ እስቴ ላይ የተከበሩ ሰው ናቸው። ልጁ የደሴን ሥራ ያውቃል። ወላጆቹ ግን የበግ ፀጉር ነጋዴ ነው ተብለዋል። «የሸማኔ ልጅ» ማለት በኔ ልጅነት ስድብ ነበር። አሁን ከአፍ ላይ ቀንሷል፤ ሽማግሌ ሲላክ ግን ይነሳል። የልጁ እህቶች ጉዞውን በየቀኑ ይከታተላሉ፤ እያንዳንዱን ገጽ ለአባታቸው ያሳያሉ። እሑድ በኔ ገጽ ደሴ እንዳይነሳ ለመነችኝ። ከጥር በኋላ የፈለግሁትን ልጻፍ።

መጽሐፉስ አልኳት። በአባትሽ ነው እኮ የሚጀምረው።

«መጽሐፉን ማን ያነበዋል ጋሼ?» አለች።

ይህን በደንብ ያዝልኝ። ደራሲዋ ራሷ፣ በሰባት ጣቢያ አንብቡልኝ እያለች የምትዞረው፣ ትዳሯን ያስጠጋችው ማንም አያነበውም በሚል ተስፋ ላይ ነው። እስካሁንም አልተሳሳተችም። ሦስት አስተናጋጆች ሽፋኑን አልፈው አልሄዱም፤ አንዱ እንኳ የመጀመሪያውን መስመር ቢያይ ምስጢሯ ወጥቶ ነበር።

አሰላስላለሁ አልኳት። ስትወጣ አልቅሳ እንደሆነ አላየሁም፤ ጨልሟል። ተቆጥቼባታለሁ። ግን ከነዚያ «የአያቶቻችን ጥበብ» ባዮች ይልቅ እሷን መቆጣት ይከብደኛል። እነሱ የሞተውን ሸማኔ ቅርስ ይሉታል፤ በሕይወት ያለው ፎቶ ያበላሽባቸዋል። እሷ ያደረገችው የነሱን ሥራ ማቅለል ነው።

ዓርብ፣ ታኅ. 10

መንገዱ ክፍት ነው አሉ። በሚኒባስ ዓርብ ገበያ ወረድኩ። ገበያው ሞልቷል፤ አህያው፣ ገብሱ፣ ባቄላው። ደሴ ባናዎቹን ዘርግቶ ቆሟል።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ዛሬም ወሬ ልትለቅም መጣህ?»

ወሬስ ካንተ ነው አልኩት። ልጁ ያሠራችው ባና ተጠቅልሎ ከጎኑ ተቀምጧል፤ የዕጣው ነው። ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። አይታወቅም አልኩት፤ ስልክ ላይ ጥሩ ቃል የጻፈ ሰው ያገኘዋል። አልገባውም።

«ቁመቱን ሳላውቅ? አጭር ከሆነ ይጎተትበታል፣ ረጅም ከሆነ እግሩ ይወጣል። ምን ዓይነት ሰው ነው ለማይታወቅ ሰው የሚያሸምን?»

በአ.አ. ያሉት ማንም ይተኛበታል ብለው አላሰቡም ልበለው? ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። መጽሐፉ በስልክ አገር እየዞረ ነው አሉኝ፣ ስለ ባናው ምን ይላሉ? አለኝ። ጥሩ ይላሉ አልኩት። «ስለኔስ?»

የሌላ ሰው ባና ሲነካካ የነበረ ገዢ ዋጋ ጠየቀው፤ ተረፍኩ። ገዢው ሲሄድ ጥያቄውን አልደገመውም። የጠየቀውን የሚረሳ ሰው አይደለም። አይቶኛል።

ቅዳሜ፣ ታኅ. 11። ቀትር

ተነበበ።

መቅደስ ጠዋት ደወለች፤ ቃሉ ከአፏ አይወጣም። ከእጮኛዋ እህቶች አንዷ በወንድሟ ሙሽራ ኮርታ፣ በጉዞው ላይ የተለጠፈውን አድራሻ ተከትላ፣ መጽሐፉን ከአ.አ. አስመጥታለች። ትናንት በአውቶቡስ ደረሰ። መሪጌታ ከእጇ ወሰዱት። እሳቸው መጽሐፍ የሚያነቡት ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ነው። ሌላ መንገድ መኖሩንም አያውቁም።

ለሶስና ፍትሐዊ ልሁን። ጉዞው አንድ አንባቢ አፈራ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መሪጌታ ለኔው ደወሉ። መጽሐፉ ውስጥ ለአራሚው ምስጋና አለ፤ ስልክ ቁጥሬን ከልጃቸው ወስደዋል።

«አንቱ ነዎት ያረሙት?»

እኔ ነኝ አልኩ።

«ጥሩ ታርሟል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። መጽሐፉ በአባቷ ይጀምራል። ልጆቼ በስልክ የሚያሳዩኝ ሁሉ ግን አባት የለውም። ከሁለቱ የትኛው ነው የርሷ?»

የመጽሐፉ ነው አልኩ። ሌላውንስ ማን አደረገው አሉ። ዝም አልኩ። ዝምታ እንደ ቃል የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ መልሱን አግኝተውታል።

«ሸማኔ መሆኑን ቀድሜ ብሰማ ሽማግሌ አልክም ነበር፤ አልዋሽዎትም። አሁን የሚያስጨንቀኝ ግን እሱ አይደለም። አባቷን ያወጣች ልጅ ነገ እኛን ከምን ታወጣናለች? የነገው ገጽ የርስዎ ነው አሉኝ። አየዋለሁ።»

ጥያቄ ማለት ይህ ነው። አሥሩ የመመሪያው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው፤ በጀርባቸው የሽሮ ሂሳብ ጻፍኩባቸው።

ለመቅደስ መልሼ ደወልኩላት። የሰማሁትን በሙሉ ነገርኳት፣ ምንም አላለሰለስኩም። ነገ ገጹ ላይ የሚወጣውን አንቺ ትወስኛለሽ አልኩ። መሪጌታ አውቀውታል፤ ደሴ ነው ገና ያልሰማው። ወደ ዓርብ ገበያ ሚኒባስ እስከ ስንት ሰዓት አለ አለችኝ።

እሑድ፣ ታኅ. 12። ከሰዓት በኋላ

አምስተኛና ስድስተኛ ጣቢያ አልፈዋል። አላየኋቸውም፤ አላጣኋቸውም።

ከቅዳሴ ስመለስ ሁለቱ በሬ ላይ ቆመዋል። የመቅደስ ዓይን አብጧል። ማታውን አባቷ ቤት ደርሳ ነግራዋለች። ደሴ እኔን ሲያይ ተነፈሰ።

«ቆርጣ ጣለችኝ አሉ። ምን ታድርግ፣ መቁረጥ ያስተማርኳት እኔ!»

ሊስቅ ሞከረ፤ ግማሽ ላይ ቀረ። ተቀመጠ። ውኃ ጠየቀ። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ እሷን ሳያይ፣ ፊቴ አስቀያሚ ነው ወይስ ሥራዬ አላት። እግሩ ሥር ተንበረከከች፤ አነሳት፣ ወዲያው። ይቅርታ ያደረገላት ለመቆም ያህል ብቻ ይመስለኛል፤ የቀረው ገና ነው። እኔ ምጣድ ላይ የቀረ ነገር ያለኝ አስመስዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ስመለስ ስልኩን ይዛ መሪጌታ ጋ ደውላለች። ድምፁን ከፍታዋለች፤ ደሴ እንዲሰማ።

«አባቴ ሸማኔ ነው» አለች። «እኔም ሸማኔ ነኝ። ፎቶውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ አንቱን ፈርቼ።»

መሪጌታ አባትሽ አጠገብሽ አሉ ወይ አሉ። ስልኩን ለደሴ ሰጠችው። ሰላምታው ረዘመ፤ ጤና፣ ከብት፣ አዝመራ፣ ሁለቱም አንዱን አላስቀሩም። መሪጌታ ቤትዎ መጥቼ ላይዎት እሻለሁ፣ በዚህ ዓርብ አሉ።

«ዓርብ አይሆንም መሪጌታ» አለ ደሴ። «ገበያዬ ነው። ቅዳሜ ይምጡ።»

መቅደስ ጭንቅላቷን ያዘች። መሪጌታ እንየውን ቀን ያስቀየረ ሰው እስቴ ላይ ያለ አይመስለኝም። በስልኩ ውስጥ የሆነ ድምፅ ተሰማ፤ ሳል ይሁን ሌላ። ከዚያ ቅዳሜ ይሁን አሉ። ሊመርቁ ይሁን ሊያፈርሱ አልተናገሩም። ደሴም አልጠየቀም። ስልኩን መለሰላት።

ገጹን መቅደስ ጻፈችው። ሙሉውን ፎቶ አወጣን። ከሥሩ የደሴን ስም፣ ሥራውን፣ ሰፈሩን፣ ከዚያም ስለ ፎቶው አንድ መስመር፦ «በሌሎቹ ገጾች ላይ አባቴን ያስወጣሁት እኔ ነኝ።» አንድ ቃል ማረም ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት። ለጥፈነዋል። ሶስና ሁለት ጊዜ ደወለች፤ ቫይቡን ልትነግረኝ ይሆናል። አላነሳሁም።

ደሴ ሲሄድ ቅዳሜ በኔ በኩል ሆነህ ትቀመጣለህ ብሎኛል። አልለመነም፤ ነገረኝ። እሺ አልኩ። በሥራዬ ሁሉ እንዲህ ያለ ቦታ የምገኘው ጥግ ይዤ ለመጻፍ ነበር። ቅዳሜ ከደሴ ጎን እቀመጣለሁ። የሚባለውን ለገጹ አልጽፍም። ላንተም አልጽፍልህም።