የሳይክልህን ባትሪ ቀየርኩት

ጌታሁኔ፣

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሁለተኛው መስቀል ሊደርስ ነው። አንተ በሰላም እንዳረፍክ አምናለሁ። እኔ ግን ሰሞኑን ከሰው ጋር ስሟገት ነው የከረምኩት፤ ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ለቅሶ እንዳትጠብቅ።

የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ። የማድ ቤቱ ጣራ ማፍሰሱን ስላልተወ ቆርቆሮውን አስቀየርኩ። ከብት የምታክምበትን ሳጥን ለእንስሳት ክሊኒኩ ሰጠሁ፤ ቦት ጫማህንም የሚሆነው ሰው ወሰደው። የባትሪ ሳይክልህን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ታናሽ ወንድምህ አያልነህ «እታለም፣ ቆሞ ከሚዝግ ቢሸጥ አይሻልም?» እያለ ስንት ጊዜ መጣ መሰለህ። ለክፋት አይደለም፤ ቆሞ የሚውል ነገር ማየት አይወድም።

እውነት ለመናገር፣ ክረምት ከበጋ ቆሞ ባትሪው ሞቶ ነበር። እኔ ደግሞ ያለ እሱ አንተ ዘንድ መድረስ አልችልም። ሚኒባሱ ከቡሬው መንገድ መገንጠያው ላይ ይጥለኛል፤ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ቆይቷል። አያልነህ ሲመቸው በበቅሎው ያወጣኛል፤ መቃብርህ አጠገብ ገና ከመቀመጤ «እንሂድ፣ ደመናው መጣ» ይለኛል። አርባ ዓመት ያህል አብሬህ ኖሬ፣ አሁን አንተን የማየው በሌላ ሰው ሰዓት ሆነ። ይህን አልቀበልም አልኩ።

ሳይክሉን የነዳሁበትን የመጀመሪያ ቀን ታስታውሳለህ? ከሳይንስ አስተማሪነቴ ጡረታ በወጣሁ ዓመት፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ ኮርቻውን ይዘህ ከኋላዬ እየሮጥክ እንደ እምቢተኛ ጊደር «ሆ! ሆ! ቀጥ በይ!» ትለኝ ነበር። አጥሩ ላይ ስወድቅ እግሬን የጥጃ እግር እንደምትመረምር አገላብጠህ አይተህ «አልተሰበረም፣ ታርሳለች» አልክ። በሳቅ ፈረስን።

ባትሪውን ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ሬዲዮና የሶላር መብራት ከሚጠግነው ሰው ዘንድ ወሰድኩት። አያልነህም የምሸጠው መስሎት አብሮኝ መጣ። ጠጋኙ የባትሪውን ሣጥን ከፍቶ በውስጡ የተደረደሩትን ጣት የሚያካክሉ ሴሎች ለካና «ቲቸር፣ ግማሹ ደኅና ነው። የሞቱትን አውጥተን ከአሮጌ መብራት በፈታኋቸው እንተካቸዋለን» አለኝ።

አያልነህ ደስ አለው። «መቀናጆ ማለት ነው! እኔስ አንድ በሬ ሲቀረኝ ከጎረቤቴ በሬ ጋር አጣምጄ አርሼ የለ?»

«የጎረቤትህ በሬ ካንተ በሬ እኩል ነበር?» አልኩት።

«ምን እኩል፣ ወይፈን ነበር። የኔው እየጎተተው ሰኔ ሳይወጣ ተኛ» አለ።

«ይኸውልህ፣ ሴልም እንደዚያው ነው። ደካማው ቀድሞ ያልቃል፤ ብርቱው ደግሞ ያለቀውን በግድ ይጎትተዋል። በሬው ይተኛል፤ ይህ ግን ይግልና ሣጥኑን ያቃጥለዋል።»

«ሳይንስ ማለት የበሬ ነገር ነው እንዴ!» ብሎ ሳቀ። ጠጋኙም ሣጥኑን መልሶ ዘጋ።

አዲስ ሴል ልገዛ ባሕር ዳር ሄድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየኝ ሴል ልባሱ ላይ የተጻፈው ኃይል እዚያች ጣት በምታህል ነገር ውስጥ ሊገባ የማይችል ነበር። ከቦርሳዬ ሳስተምርባት የነበረችውን ትንሽ ሚዛን አውጥቼ ብመዝነው እንደ ባዶ ቀፎ ቀለለኝ። ሻጩ «እማማ፣ ወርቅ መሰለዎት እንዴ የሚመዝኑት?» አለኝ። «ወርቅ ቢሆን ሳልመዝን እወስድልህ ነበር፤ ወርቅ እሳት አያስነሣም» ብዬው ወጣሁ።

ሌላ ሱቅ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ጊዜ ምርት የሆኑ አገኘሁ። እነዚህንም ዝም ብዬ አላነሣሁም። ብዙ ኃይል የሚይዝ ሴል ሁሉ ባንድ ጊዜ ብዙ አይሰጥም፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ ዳገት ላይ ሲጠየቅ የሚሰጥ ነው። ቤት ወስጄ እኩል ሞላኋቸው፣ መደርደሪያው ላይ አሳረፍኳቸው፣ ከሳምንታት በኋላ መልሼ ለካሁ። ሳይነካ ኃይሉ የወረደውን መልሼ ባሕር ዳር ድረስ ወስጄ አስቀየርኩ። «ቲቸር፣ ፈተና ላይ አስቀመጧቸው እኮ» አለኝ ጠጋኙ ሲገጣጥማቸው። አዎ፣ የወደቀውን አላሳልፍም።

ባትሪው ተገጣጥሞ ሲያልቅ አያልነህ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ። «ባትሪውስ ጥሩ ነው። ግን እታለም፣ ጥቁር የለበሰች ሴት በሳይክል ዳገት ስትወጣ አገር ምን ይላል?»

«አገር ካፈረ ፊቱን ያዙር።»

«ለእርስዎ ብለን ነው እኮ!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ለእኔ ከሆነ መንገዱን ልቀቁልኝ» አልኩና አበላኋቸው። በልተው፣ መርቀው፣ ሳይስማሙ ሄዱ።

ባለፈው እሑድ ነጠላዬን ጎማው እንዳይዘው ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርኩና ወጣሁ። አስፋልቱን ዳር ይዤ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ ወደ ኮረኮንቹ። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። አንዷ «በስመ አብ!» ስትል ሰማኋት፤ ሌላዋ እልል አለች። ዳገቱ መሐል ሞተሩ ድምፁን አወፈረ እንጂ አልቆመም።

አያልነህ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ነበር። ጎንበስ አለና ሣጥኑን በመዳፉ ዳበሰው። «አልጋለም» አለ። ይህ ከእሱ አፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ወንድምህን ታውቀዋለህ። ሚስቱ አንጓች ግን ከኋላው ብቅ ብላ «እታለም፣ ለገበያው ቀን እኔን ከኋላ ጭነው ይወርዳሉ?» ስትል ዞሮ «አንቺ ደግሞ!» አላት። «ዝም በል፣ አንተን ማን ጠየቀህ?» ብላ ኮርቻውን ለካች። እወስዳታለሁ፤ ቃል ገብቼላታለሁ።

ከዚያ አንተ ጋ ተቀመጥኩ። ደመናው መጣ፣ አለፈ። ማንም እንሂድ አላለኝም። የአቮካዶውን ነገር፣ የጣራውን ነገር አንድ በአንድ ነገርኩህ፤ ሲደክመኝም ዝም አልኩ፤ ዝም ብዬም ቆየሁ።

እንድረሳህ የፈለገ ሰው የለም ጌታሁኔ፤ ቤት ተቀምጬ እንዳስታውስህ ነው የፈለጉት። አላደርገውም። ማስታወሴን የማቆመው እስትንፋሴ ሲያቆም ነው፤ እስከዚያው ግን መቼ እንደምመጣና መቼ ተነሥቼ እንደምሄድ የምወስነው እኔ ነኝ።

ያንተው ብዙነሽ